ባሕር ዳር ዙሪያ ሰፈር ሲመርጡ ከእነዚህ ስህተቶች ይጠንቀቁ

ከጥምቀት በኋላ ስልኬ ይበዛል። የሚደውሉት አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከአርባ አምስት እስከ ስድሳ የሚሆን የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው። ለበዓሉ ጎንደር ወጥተው ሲመለሱ ባሕር ዳር ያድራሉ። ሐይቁ ዳር ዓሣ ይበላሉ፤ ዘንባባው ሥር ወክ ያደርጋሉ። በማግስቱ "ከእንግዲህስ እዚህ ነው መኖር" ብለው ይወስናሉ።

ውሳኔው ይገባኛል። ለሰው ቤት በመገንባት የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ከተማዋንም ዳርቻዋንም እወዳቸዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ብዙዎቹ እኔ ጋ የሚደርሱት ቦታውን ከገዙ በኋላ መሆኑ ነው። በሠላሳ ዓመቱ ሰፈር የተሳሳተ ሰው ሠርቶ ያካክሰዋል። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የአዲስ አበባ ቤቱን ሸጦ የመጣ ሰው ግን ሌላ የሚሸጠው ቤት የለውም።

በበጋ አይቶ መወሰን

ባሕር ዳር በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይማ መሬቱ ውሃ መጠጣት ያቆማል። ስለዚህ በጥር ያዩት ሰፈርና በነሐሴ የሚኖሩበት ሰፈር ለየቅል ናቸው።

አንድ ደንበኛዬ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ሰፊ ግቢ ገዙ። "አምስት ደቂቃ ነው" ተብለው ነው የገዙት። እውነትም በበጋ አምስት ደቂቃ ነው። በነሐሴ "መኪናዬ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ሰው ይዘህ ድረስልኝ" ብለው ደወሉ። መኪናዬን አስፋልቱ ዳር አቁሜ በእግሬ ገባሁ። ጭቃው ቦቲዬ ላይ እየተጋገረ እግሬን ማንሳት ከበደኝ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ነጠላ የለበሱ እናቶች ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው በባዶ እግራቸው ይወጣሉ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ቦዩ ውስጥ እግራቸውን ይታጠቡና ጫማቸውን አድርገው ወደ ቅዳሴ ያመራሉ። የሰፈሩ ሰው ለምዶታል። የእኔ ደንበኛ ግን ስኳር አለባቸው። እግራቸው መቁሰል የለበትም።

ነገሩ ያለው አፈሩ ላይ ነው። የባሕር ዳር ዙሪያ አንዳንዱ ቦታ ቀይ አፈር፣ አንዳንዱ ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ያለውን ቤት ይዞት ይነሳል፣ ይዞት ይወርዳል። ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። በመጋቢት ሄደው መሬቱን ይዩ። ስንጥቁ እጅ የሚያስገባ ከሆነ ዋልካ ነው። ከዚያ የጎረቤቱን ቤት ይዩ። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካለ እርስዎም ቤት ይመጣል።

ዋልካ ላይ አይሠራም ማለቴ አይደለም። እኔም ሠርቼበታለሁ። አፈሩ ይወጣል፣ በሰሌክት (በተመረጠ የመሙያ አፈር) ይሞላል፣ በየንብርብሩ ይጠቀጠቃል፣ ግሬድ ቢሙ (ግድግዳውን የሚሸከመው የመሠረት ኮንክሪት) ጠንከር ይላል። ገንዘብ ነው። ርካሽ ነው ብለው የገዙት ቦታ ያተረፈልዎትን ብር ገና ከመሬት ሳይወጡ ይበላዋል። የመሠረቱን ወጪ ሳያሰሉ በካሬ ዋጋ ብቻ ሁለት ሰፈር አያወዳድሩ።

የገበሬ መሬት መግዛት

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ስንት ጊዜ ተነግሮ፣ ስንት ሰው አልቅሶ፣ ዛሬም ይገዛል።

የደላላው ንግግር አይለወጥም። "ጋሼ፣ ቦታው ወደ ከተማ ሊካለል ነው። ካርታው በቅርብ ይወጣል። ያኔ በዚህ ዋጋ አያገኙትም።" አስፋልት ላይ ቆሞ በእጁ እያመለከተ ነው የሚነግርዎ። ጤፉ ገና አልታጨደም።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያርሰዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል፣ ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ያከራየዋል። ለእርስዎ ሊሸጥልዎ ግን አይችልም። ይህን ደላላው ከእርስዎ የበለጠ ያውቃል። ስለዚህ ሽያጩን በሌላ ስም ያጽፈዋል። ወረቀቱ ላይ እርስዎ ለገበሬው ብር ያበደሩ ሰው ይሆናሉ። ነገ ጠብ ቢነሳና ፍርድ ቤት ቢቆሙ፣ ቢቀናዎት የሚያገኙት ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ብር ነው። ቦታውን አያገኙም። ያ ብር ደግሞ በዛሬ ገበያ ምን እንደሚገዛ ያውቁታል።

"ሊካለል ነው" የሚለው ወሬ እውነት ከሆነማ ይብስብዎታል። ከተማው መሬቱን ሲፈልገው ካሳው የሚታሰበው ለባለይዞታው ነው። የይዞታ ደብተሩ ላይ ያለው የገበሬው ስም ነው። የእርስዎ ቤት የጨረቃ ቤት ተብሎ ይመዘገባል።

ቤሩት ለዓመታት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች አንዲት እህት ግድግዳዋን እስከ መስኮት አድርሳ፣ የቀረውን እንድጨርስላት ጠራችኝ። ካርታውን ስጠይቃት በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች። ምስክሮች ፈርመውበታል። አናቱ ላይ "የብድር ውል" ይላል። አንብባዋለች። ደላላው "ለፎርማሊቲ ነው" ስላላት ግን አምናዋለች። ሥራውን አልጀመርኩላትም። ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳው ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ፈረሰ። ብሎኬቱን እንኳ በደህና አላወጡላትም። ገበሬውን አልወቅስም፤ እሱም የልጆቹን እርሻ በትንሽ ብር አጥቷል። የተጠቀመው መሐል ላይ የቆመው ብቻ ነው።

ሕጋዊ ቦታም ሲገዙ ኮፒ አይመኑ። ከሻጩ ጋር አብረው መሬት ጽሕፈት ቤት ይሂዱና ማህደሩን ያስወጡ። የባንክ እዳና የፍርድ ቤት እግድ እንደሌለበት ያረጋግጡ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። ካፌ ውስጥ በተፈረመ ወረቀት ብር አይክፈሉ። ደግሞ ቀያሽ ይዘው ካርታው ላይ ያሉትን የማዕዘን ቁጥሮች መሬቱ ላይ ያስለኩ። ካርታው የአንዱ ቦታ ሆኖ የሚያሳዩዎት ሌላ ቦታ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ሐኪም ቤቱን በቀን መለካት

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደረትዎን ቢይዝዎት ማን ነው የሚያደርስዎ? ሰፈር ሲያዩ የሚጠየቀው ይኼ ነው። ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ከተማው ውስጥ ነው። ጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በአዴት መንገድ ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ በሰባታሚት በኩል ያለ ሰው ዳር ቢሆንም ለትልቅ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ዘንዘልማ ያለ ሰው ዓባይን መሻገር አለበት። ባሕር ዳር ደግሞ የባጃጅ ከተማ ናት። ባጃጅ በጊዜ ይገባል። መኪና ከሌለዎት፣ መኪና ያለው ጎረቤት የሌለበት ሰፈር አይግቡ።

ራቅ ያሉትን መሸንቲን፣ መራዊንና ሐሙሲትን የሚጠይቁኝ አሉ። መራዊ በአዲስ አበባ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የቆጋ መስኖ ስላለ አትክልቱ ትኩስ ነው፤ ኑሮውም ቀለል ይላል። ሐሙሲትም በጎንደር በኩል በዚያው ርቀት አካባቢ ናት። ጤነኛ ለሆነና ሥራው ከተማ ላልሆነ ሰው አልቃወምም። ግን "መንገድ ተዘጋ" ሲባል ለቀናት ከተማ ሳይገቡ መኖር ይችላሉ? የግፊት መድኃኒትዎ ከከተማ ብቻ የሚገኝ ከሆነ መልሱን ከወዲሁ ያስቡት።

ድልድዩን አይቶ ዓባይ ማዶ መሮጥ

በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። መሻገሩን በጣም አቅልሎታል። ድልድዩ ግን የሚያደርስዎ እስከ ማዶው አስፋልት ነው። ከዚያ ወደ ግቢዎ ያለውን መንገድ አልሠራውም። ደላሎች "ከአዲሱ ድልድይ አጠገብ" ሲሉ በእግርዎ ይለኩት።

ሐይቁን ከመጠን በላይ መጠጋት

ጣና በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ፣ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ይጎድላል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ቦታ አንድ ሜትር ከፍታ ማለት ብዙ መሬት ነው። ደንገል የሚበቅልበት ቦታ ውሃው የሚመለስበት ነው። ደንገሉን ነቅለው አፈር ቢደፉበትም ይመለሳል። ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለው ቦታም ቢሆን የከርሰ ምድሩ ውሃ ቅርብ ነው። የሽንት ቤት ጉድጓድ ሲቆፈር ውሃ ይወጣል፤ በክረምት ሴፕቲኩ ሞልቶ ወደ ቤት ይመለሳል። እንግዳ ሲመጣ እይታውን ያደንቃል። ሽታውን የሚኖርበት ባለቤቱ ነው።

ወባንም አይናቁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ ያደገ ሰው ወባን አያውቃትም። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም እስከ ኅዳር ትበረታለች፤ በግንቦትና ሰኔ አካባቢም ትመጣለች። ረግረግ አጠገብ ከሆኑ የበለጠ። አጎበር ይስቀሉ፣ መስኮትዎ ላይ ወንፊት ያስገጥሙ። ትኩሳት ከመጣ "ብርድ ነው" ብለው ሻይ በዝንጅብል እየጠጡ አይደሩ፤ የዚያኑ ዕለት ይመርመሩ።

ዘጌን የሚመኙም አሉ። ደኑ ያምራል፣ ቡናው ይሸታል፣ ገዳማቱ አሉ። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየው በባህሉ መሠረት በበሬ ስለማይታረስበት ነው። ነዋሪው ይህን ሥርዓት ጠብቆ የኖረ ነው። እንግዳ ሄዶ ግንብ የሚያቆምበት ቦታ አይደለም። ቅዳሜ በጀልባ ሄደው ማታ ይመለሱ።

ጎረቤት የሌለበት ቆንጆ ሰፈር

አጥሩ ረጅም፣ በሩ ጥቁር ብረት፣ ግቢው ባዶ። ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፤ ያለው ዘበኛ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ቤት ገዝተው በሁለተኛው ዓመት ሸጠው የሄዱ ባልና ሚስት አውቃለሁ። ሌባ አልመጣባቸውም። ቡና የሚጠራቸው ሰው ጠፋ እንጂ። በሃምሳ ዓመት አዲስ ወዳጅ ማፍራት ጊዜ ይወስዳል፤ ስለዚህ ሰው ያለበት ይግቡ። ወፍጮ ቤቱ የሚሠራበት፣ ሱቁ ማታ የሚበራበት፣ ልጆች መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱበት ሰፈር ይሻላል። ከመግዛትዎ በፊት የእድሩን ዳኛ ያነጋግሩ። አዲስ ሰው ይቀበላሉ? መግቢያው ስንት ነው? እግረ መንገድዎን ስለ ሻጩም ይሰማሉ፤ እድርተኛ የማያውቀው ነገር የለም።

ሌሎቹን በአጭሩ

መኝታ ቤት ፎቅ ላይ ብቻ አያድርጉ፤ ጉልበት ያረጃል።

"ቧንቧ አለ ወይ?" አይበሉ። "ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?" ብለው ጎረቤቷን ሴት ይጠይቁ። በየጣሪያው ሮቶ ከተደረደረ መልሱን አይተውታል።

ሚስትዎ ሳያዩት አይፈርሙ። ባልዎም ሳያዩት እንዲሁ።

ገና የሚማር ልጅ ካለዎት መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን፣ ቀጥሎ ሰፈሩን ይምረጡ።

ሳይከራዩ መግዛት

ልብዎ ያረፈበት ሰፈር ካለ እዚያው ሰፈር ይከራዩ። ሰርቪስ ቤትም ይበቃል። ሰኔ ገብተው እስከ ጥቅምት ይቆዩ። ጭቃውንም፣ ትንኙንም፣ የሐይቁን ሙላትም፣ ማታ ባጃጅ ማጣቱንም በእነዚህ ወራት ያዩታል። የአዲስ አበባውን ቤት እስከዚያ አይሽጡት፤ ያከራዩት። ኪራዩ የዚህኛውን ችሎ ይተርፈዋል። ሻጩ "እስከ ጥቅምት አልጠብቅም፣ ሌላ ገዢ አለኝ" ካለዎት ለሌላው ይሽጥ። ቀብድ አይስጡ።