ወገቡ ልክ፣ ጭኑ ጠባብ፦ ለደንዳና እግር የሚሆን ሱሪ፣ ችግርና መፍትሄ

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ውሃ ሲጠፋ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ እወጣለሁ። ጠዋት ጠዋት ሰፈራችን ካለች ትንሽ ጂም ስኳት (ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) እሠራለሁ። ቅዳሜ ደግሞ በለገጣፎ በኩል ወደ ሰንዳፋ ሳይክል እነዳለሁ። እግሬ ከዓመት ዓመት ደንደን እያለ መጣ። በእግሬ ደስ ይለኛል። የቸገረኝ ሱሪ ነው።

ወገቤን ልክ የሚይዝ ሱሪ ጭኔ ላይ ሲደርስ አልሄድም ይላል። ጭኔን የሚያሳልፍ ሱሪ ደግሞ ወገቡ ላይ ሙሉ እጅ ያስገባል። ኳስ የሚጫወቱ፣ ክብደት የሚያነሱ፣ ብሎኬትና አሸዋ ተሸክመው ፎቅ የሚወጡ የሰፈሬ ልጆች ሁሉ ይህንኑ ይነግሩኛል። ሱሉልታ መንገድ ላይ የምናያቸው የረጅም ርቀት ሯጮች ግን ይህ ችግር የለባቸውም። የእነሱ እግር ቀጭን ነው። ስለዚህ «ስፖርተኛ ነህ፣ ሁሉም ሱሪ ይሆንሃል» ሲሏችሁ ከራሳችሁ ላይ ጥፋት አትፈልጉ።

ነገሩ ከአቆራረጡ የመጣ ነው። ፋብሪካ አንድ መነሻ ልክ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ያባዛዋል። ወገቡ ሲጨምር ጭኑም በተወሰነ መጠን ይጨምራል። መለያው ላይ 32 የሚል ሱሪ ሲቆረጥ፣ ወገቡ 32 ኢንች የሆነ ሰው ሁሉ ተመሳሳይ ጭን እንዳለው ተቆጥሮ ነው። የእኛ እግር ከዚህ ግምት ይወጣል።

ከዚህ ሁሉ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ሱሪ የሚገዛው በጭን ነው። ወገብ በኋላ ይስተካከላል። ሰፊውን ማጥበብ የሰፈር ልብስ ሰፊ የዕለት ሥራ ነው። ጠባቡን ማስፋት ግን ጨርቅ ይጠይቃል፣ ጨርቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የለም።

መንገድ ዳር ስትገዙ ልክ ነው ብላችሁ፣ ቤት ስትደርሱ አልገባ ካለ

መገናኛ ወይም ሾላ ገበያ ሱሪ ለመሞከር ቦታ የለም። ስለዚህ ሁላችንም የምናውቀውን እናደርጋለን፤ የሱሪውን ወገብ አንገታችን ላይ እንጠመጥማለን። ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ ልክ ነው እንላለን። ይህ ዘዴ ለብዙ ሰው ይሠራል። ግን የሚነግረን ስለ ወገብ ብቻ ነው፣ ስለ ጭን ምንም አይልም። ክብደት ለሚያነሳ ሰው ደግሞ አንገቱም ስለሚወፍር ወገቡንም ያሳስተዋል።

እኔ አሁን ኪሴ ውስጥ ሲባጎ ይዤ ነው የምወጣው። ሜትር ካላችሁ እሱ ይሻላል፤ ግን ሲባጎ አይጠፋም፣ ኪስም አይሞላም። አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቆማችሁ፣ ከብሽሽታችሁ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብላችሁ የጭናችሁን ወፍራም ቦታ ዙሩበት። ሳታጠብቁት። በዚያ ላይ ለመንቀሳቀሻ ጨምሩ፤ ለማይለጠጥ ጨርቅ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር፣ ስትሬች ለሆነ 2 ወይም 3። እዚያ ጋ አንድ ቋጠሮ ቋጥሩ። ከዚያው ጫፍ ተነስታችሁ ለባታችሁም ሌላ ቋጠሮ አድርጉ። የእኔ ጭን 66 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ቋጠሮው ያለው 72 ላይ ነው።

ሻጩ ጋ ስትደርሱ ሱሪውን ካርቶን ላይ ዘርጉት። ሲባጎውን እስከ ቋጠሮው ለሁለት አጥፉና ከብሽሽቱ ስር በአግድም አስተኙት። የሱሪው እግር ከሲባጎው ካነሰ ለሻጩ መልሱት። ዋጋ መከራከር አያስፈልግም፣ ቀለሙ ቢያምርም አይሆንም። ይህቺ ሲባጎ ከማትረባ ወጪ ብዙ ጊዜ አድናኛለች።

የመለያው ቁጥር ላይ ብዙ አትመኩ። ሁለት 34 የተባሉ ሱሪዎችን አንድ ላይ ደርቡና እዩ፤ አንዱ ከሌላው ሰፍቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከቁጥሩ ይልቅ የአቆራረጡን ስም አንብቡ። ስኪኒ እና ስሊም የሚል ለእኛ አይደለም። ስትሬት፣ ሪላክስድ ወይም አትሌቲክ የሚል ከሆነ አንሱት። ሳልባጅ ውስጥ ሊቫይስ የሚባለውን ጂንስ ካገኛችሁ ከኋላ ወገቡ ላይ ያለውን ቁጥር እዩ፤ 541 ጭኑ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ብሎ ለስፖርተኛ እግር የተቆረጠ ነው። 550 ደግሞ ዘና ያለ ነው። 510 እና 511 ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ገብቷል፣ ግን ፊት ለፊት ይሸበሸባል፣ ኪሱም አፉን ይከፍታል

መስታወት ፊት ቁሙ። ከብሽሽት ተነስቶ ወደ ጎን የሚሄድ ሽብሽብ ካያችሁ ጭኑ ጠቧል። የጎን ኪሶች አፋቸውን ከከፈቱ ደግሞ ዳሌውና መቀመጫው ጋ ነው የጠበበው። ሁለቱም ካሉ ሱሪው በአንድ ቁጥር፣ አንዳንዴም በሁለት ያንሳችኋል።

እንዲህ ያለው ሱሪ ይስተካከላል ወይ? ገልብጡትና የውስጥ ስፌቱን እዩ። ደህና የጨርቅ ሱሪ ከሆነ ከስፌቱ ወዲያ ትርፍ ጨርቅ ይኖረዋል፤ በተለይ ከኋላ መሃል ላይ፣ አንዳንዴም በውስጥ ጭን በኩል። ልብስ ሰፊው ያንን ፈትቶ ይለቅላችኋል። ጂንስ ከሆነ ግን ጨርቁ እርስ በርሱ ታጥፎ በድርብ ስፌት የተዘጋ ነው፤ የሚለቀቅ ነገር የለውም። «አሰፋልሃለሁ» ብሎ ጂንሴን የተቀበለኝ ልብስ ሰፊ ከሁለት ሳምንት በኋላ በጎን በኩል ሌላ ቀለም ያለው ጥብጣብ አስገብቶበት ሰጠኝ። ለብሼው አላውቅም። ጂንስ ጭኑ ከጠበበ ልኩ ለሆነ ወንድም ወይም ጓደኛ ስጡት።

ጭኑ ልክ፣ ወገቡ ከኋላ ይከፈታል

ይህኛው ችግር መልካም ዜና ነው። የገዛችሁት ትክክለኛውን ሱሪ ነው ማለት ነው። መቀመጫና ጭን ሰፊ ሆኖ ወገብ ቀጭን ሲሆን ከኋላ ክፍተት ይፈጠራል። ቀበቶ ብታጠብቁበት ጨርቁ ይታጠፍና ጀርባ ላይ እብጠት ይሠራል፣ ቀኑን ሙሉም ይቆረቁራል።

ልብስ ሰፊ ጋ ስትሄዱ «ከኋላ መሃል ስፌት አጥብብልኝ» በሉ። ቃሉን በትክክል ንገሩት፤ ዝም ካላችሁ ቀላሉን መንገድ ይዞ ከጎን ያጠብበዋል፣ ያኔ የጎን ኪሶቹ ይጣመማሉ። ከኋላ መሃል እስከ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ድረስ ምንም ሳይታወቅ ይጠባል። ከዚያ ካለፈ ሁለቱ የኋላ ኪሶች ይቀራረቡና ያስታውቃል። ከማጥበቡ በፊት ሱሪውን አንድ ጊዜ እጠቡት። ጥጥ ከሆነ መጀመሪያ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ይችላል።

ስትቀመጡ ከኋላ ወደ ታች ከተንሸራተተ ግን ማጥበብ መፍትሄ አይሆንም። ከብሽሽት እስከ ወገብ ያለው ቁመት አጥሯል። ወገቡ ከፍ ያለ ሱሪ ፈልጉ።

ብሽሽቱ ላይ ይቀደዳል

ይህ ያልደረሰበት ደንዳና ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ የደረሰብኝ ጠዋት ሥራ ልገባ ሚኒባስ ላይ ስወጣ ነው። ደረጃው ከፍ ያለ ነበር፣ አንድ እግሬን ሳነሳ ድምፁ ተሰማኝ። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ዋልኩ። ቀኑን ሙሉ ከወንበሬ አልተነሳሁም። የታወቀ ነው፤ ስግደት ላይም ሆነ ልጅ ለማንሳት ቁጢጥ ሲባል ሊመጣ ይችላል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሰበቃ ነው። ወፍራም ጭን ሲራመድ እርስ በርሱ ይፈጫል፣ ጨርቁ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ሱሪውን ወደ ብርሃን አንሱት፤ ብሽሽቱ አካባቢ ብርሃን ካሳለፈ ሊቀደድ ተቃርቧል። ሁለተኛው አራት ስፌቶች አንድ ነጥብ ላይ መገናኘታቸው ነው። እግር ሲነሳ ጉልበቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል።

ሰፈራችን ውስጥ ከአስፋልቱ ዳር በቆርቆሮ ሱቅ የሚሰፉ አንድ አዛውንት አሉ። የተቀደደውን ሱሪ ይዤላቸው ሄድኩና፣ «ጋሼ፣ በወፍራም ክር ይስፉልኝ» አልኳቸው።

ሱሪውን ገልብጠው አዩትና፣ «የኔ ልጅ፣ ክሩ ምን አደረገ? ያነሰው ጨርቅ ነው» አሉኝ።

ከዚያ የተቀደደውን ስፌት ይበልጥ ፈቱት። መሃል ላይ ከሌላ ካኪ የተቆረጠ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ሁለት ጫፉ ረዘም ያለ ቁራጭ ጨርቅ አስገቡበት። ርዝመቱ 14፣ ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በድርብ ስፌት ዘጉት። አራቱ ስፌቶች አሁን አንድ ቦታ አይገናኙም፣ ጉልበቱ ተከፋፈለ። ቆሜ ስራመድ ማንም አያየውም። ያ ሱሪ ዛሬም አለ፣ ፎቅ ስወጣ አይይዘኝም። አሁን አዲስ ሱሪ ስገዛ ሳይቀደድ በፊት ይህችን ቁራጭ አስገባበታለሁ። ለእኔ ከሁሉም መፍትሄ የበለጠው ይህ ነው።

ጨርቁ ሳስቶ ገና ካልተቀደደ ደግሞ በውስጥ በኩል ለስላሳ እራፊ አስለጥፉበት። ጠርዙ ክብ ሆኖ ይቆረጥ፣ ማዕዘን ካለው ቆዳ ይልጣል።

ልብስ ሰፊና የጉልበት ሠራተኛ ሱሪ ታሪካቸው የቆየ ነው። በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት፣ ሪኖ ከተማ ጃኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። አንዲት ሴት እንጨት ቆራጭ ለሆነው ባሏ ቶሎ የማይቀደድ ሱሪ እንዲሰፋላት ጠየቀችው። እሱም በሚወጠሩት ቦታዎች ላይ ጨርቁን አጣብቆ የሚይዝ የመዳብ ሪቬት መታበት። እ.ኤ.አ. በ1873 ከጨርቅ ነጋዴው ከሌቪ ስትራውስ ጋር የፈጠራ መብቱን አስመዘገቡ። ዛሬ ጂንስ ኪስ ጥግ ላይ የምናያት ትንሽ ብረት የዚያች ሴት ጥያቄ መልስ ናት። ስለዚህ ልብስ ሰፊያችሁን መጠየቅ አትፈሩ።

ባት ላይ ተጣብቆ ይቀራል

ከወንበር ስትነሱ ሱሪው ባታችሁ ላይ ተሰቅሎ ከቀረና በእጅ መጎተት ካለባችሁ ከጉልበት በታች ጠቧል። ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል፤ የእኛ ሰፈር የውስጥ መንገድ ጭቃ ነው፣ ሱሪ ሰብስቦ መሻገር ግድ ነው፣ ባት ላይ የማይሰበሰብ ሱሪ እስከ ጉልበት ጭቃ ይሆናል። ሲባጎ ላይ ያለችው ሁለተኛዋ ቋጠሮ ለዚህ ናት። ስትሬት የሆነ እግር ግዙና ታቹን ብቻ በልካችሁ አስጠብቡ፤ ባት ያለበትን አታስነኩ።

ስትሬች ነበር፣ አሁን ጉልበቱ ተንዘላዝሏል

ስትሬች ጂንስ ውስጥ ጥቂት የላስቲክ ክር አለ፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ 1 እስከ 3 እጅ ነው። ይህን ክር ሙቀትና በረኪና ይገድሉታል። በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አስጡ፣ የከሰል ካውያ አታሳርፉበት። አንዴ ከተንዘላዘለ አይመለስም። ለሴቶችም ይህ ይሠራል፤ የሴቶች ጂንስ ላስቲኩ ብዙውን ጊዜ በዛ ያለ ነው።

ሁሉም እምቢ ካለ

አሰፉ። በልክ የተሰፋ ሱሪ ድሮ የብዙ ሰው ልብስ ነበር። 150 ሴንቲ ሜትር ወርድ ካለው ጨርቅ አንድ ሜትር ተኩል ውሰዱ። ካኪ ወይም ጋባርዲን ይሁን፤ ሁለቱም ሰበቃን ይችላሉ። ልብስ ሰፊው ወገብና ቁመት ብቻ ለክቶ ከጨረሰ አስቁሙት። ጭን፣ ጉልበት፣ ባት እና ከፊት ወገብ በብሽሽት አልፎ እስከ ኋላ ወገብ ያለውን አስለኩ። ጭንን ቆማችሁም ተቀምጣችሁም አስለኩ፣ ሲቀመጡ ይሰፋል፤ ትልቁን ቁጥር ይያዝ። ከቀበቶው ስር ፊት ለፊት አንድ አንድ እጥፋት ያውጣላችሁ፣ ስትቀመጡ ትከፈታለች፣ ስትቆሙ ትዘጋለች። ከኋላ መሃል 3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ይተው፣ ነገ ስኳቱ ሲከብድ ትፈልጉታላችሁ።

ልትረከቡ ስትሄዱ መስታወት ፊት ብቻ ቆማችሁ ሂሳብ አትክፈሉ። ዝቅ ብላችሁ እንደሚሰግድ ሰው ተንበርከኩ፣ ተነሱ። የሱቁ በር ላይ ያለውን ድንጋይ በአንድ እግር ውጡት። ዱካው ላይ ተቀምጣችሁ ጫማችሁን ፍቱና እሰሩ። የትም ካልያዛችሁ ያኔ ክፈሉ።