ጎርጎራ ደብረ ሲና ማርያምን በደንብ ለማየት

ጎንደር መጥቶ ፋሲል ግቢን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል። ግንቡ መታየት አለበት፣ ጥያቄ የለውም። ግን ከተማው እ.ኤ.አ. በ1636 ከመቆርቆሩ በፊት ነገሥታቱ ጣና ዙሪያ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ቀን ጨምሩና ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራ ውረዱ፣ ደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንን እዩ።

በጠዋት ተነሱ። ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ አድርጋችሁ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነጠላ ያዙ። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ እስኪያልቅ ውጭ ጠብቁ፣ ውጭውም ብዙ የሚታይ ነገር አለው።

ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ክዳኑ ሣር። ዓይናችሁ ግንብ ለምዶ ከሆነ መጀመሪያ ላይ ቀለል ሊልባችሁ ይችላል። አትቸኩሉ፣ ዙሩት። የደንቢያ ገበሬ ቤቱን የሚሠራበትን ጥበብ ነው እዚህ አሳድገው ለእግዚአብሔር ቤት ያዋሉት። የሣሩ ጠርዝ ከግድግዳው ወጣ ብሎ የሚወርደው ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታው ነው።

ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ናችሁ። ቀጥሎ ቅድስት፣ መሀል ላይ መቅደስ። መቅደሱ አራት ማዕዘን ነው፤ ሥዕሎቹም ያሉት በእሱ ግድግዳ ላይ ነው። ያሠራቻቸው የአፄ ፋሲል እህት መላኮታዊት ናት ይባላል። ቄሱን በትሕትና ጠይቃችሁ በሮቹ ይከፈቱላችሁ፣ ከስልክ መብራት የቀን ብርሃን ይሻላል። ፍላሽ በፍጹም አታብሩ።

አሁን ቀረብ በሉና ፊቶቹን እዩ። ጻድቁ ሁለት ዓይን አለው፣ ፊት ለፊት ያያችኋል። ክፉው ግን በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይህን ካወቃችሁ ማንም ሳያስረዳችሁ የሥዕሉን ታሪክ መከተል ትችላላችሁ። ከዚያ ልብሱን ተመልከቱ። እጥፋቱ በመስመር በመስመር ነው የተሠራው፣ ከሰዎቹ ኋላ ያለው የሥዕሉ ጀርባ ባዶ ነው፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚባለው ይኸ ነው። ፊት ላይ ጥላና ድምቀት በደንብ የመጣው በኋላ፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ነው። እኔ በበኩሌ የቀደመውን እወዳለሁ፣ መስመሩ ቁርጥ ያለ ነው።

ጊዜ ከተረፋችሁ በጀልባ ወደ ማርያም ግንብ ተሻገሩ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይና የኖራ ፍርስራሽ ነው። ጠዋት የሣሩን ቤት አይቶ ከሰዓት ኖራውን በእጅ መንካት፣ የፋሲል ግንብ ከምን ተነሥቶ እንደመጣ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳምም እዚያው አካባቢ ነው፣ ግን ሴት አይገባበትም፣ አስቀድማችሁ እወቁት። የጀልባውን ዋጋ ሳትሳፈሩ በፊት ተስማሙ፣ መመለሻውንም ጨምራችሁ።