የሟች ደራሲን የልቦለድ ሰላይ በአዲስ መጽሐፍ ማስቀጠል ካማረህ

መጀመሪያ ፈቃድ። መብቱ የወራሾቹ ስለሆነ እነሱ እሺ ሳይሉ አንድ ገጽ እንዳታሳትም። ከዚያ ክፍተት ፈልግ። ደራሲው ኒክ ሃርካዌይ የአባቱን፣ የስለላ ልቦለድ ጸሐፊውን የጆን ለ ካሬን ሰላይ ጆርጅ ስማይሊን እ.ኤ.አ. በ2024 ሲመልሰው ታሪኩን 1963 ላይ ነው የተከለው፣ አባቱ በሁለት መጻሕፍት መሀል በተዋቸው ዓመታት ውስጥ፣ ስለዚህ ሰውዬውን በግድ ወደ ሞባይል ዘመን መጎተት አላስፈለገውም። (እኔን ከጠየቅክ ብልጥ ነው።)

የድሮዎቹን መጻሕፍት እስክሪብቶ ይዘህ እንደገና አንብባቸው። ሰላይህ መነጽሩን በምን ይወለውላል? ስማይሊ በከረባቱ ሰፊ ጫፍ ነው። እንዲህ ያለውን አንዴ ጣል አድርግ፤ በየገጹ ከደጋገምከው ግን ቀልድ ይሆናል። አጻጻፉን ልቅዳ ካልክ ደግሞ አንባቢ ወዲያው ይነቃብሃል።

በስምህ መውጣት ከከበደህ የብዕር ስም አለልህ። እንግሊዛዊው ደራሲ ኪንግስሊ ኤሚስ እ.ኤ.አ. በ1968 ጄምስ ቦንድን ሲቀጥል ሮበርት ማርካም ተብሎ ነው የወጣው።