በአሮጌ ስልክም የሚሠራ ድረ ገጽ እንዴት ይሠራል

በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከጅማ አንድ አባት ደወሉልኝ። ለአንድ ማሠልጠኛ ተቋም የመመዝገቢያ ቅጽ ሠርቼ ካስረከብኩ ገና ሳምንቴ ነበር፤ ከቅጹ ግርጌ የሰፈረው የእርዳታ ስልክ የእኔ ነው። «ልጄ፣ አሥራ ሰባቱንም ጥያቄ ሞልቻለሁ። መዝግብ የሚለውን ብጫነው ብጫነው ግን ዝም ይላል» አሉኝ። ገጹን እንደገና እንዲከፍቱት ነገርኳቸው። «ሦስት ጊዜ ከፈትኩት፤ ሦስቴም እንደ አዲስ ሞላሁት» አሉ። እኔ ዘንድ ቅጹ አንድም እንከን አልነበረበትም። በላፕቶፔ ይሠራል፣ በስልኬ ይሠራል፣ በባልደረቦቼም ስልክ ይሠራል።

በማግስቱ መርካቶ ወርጄ የእሳቸውን ዓይነት ያገለገለ ስልክ ገዛሁ። የብራውዘሩ፣ ማለትም የድረ ገጽ መክፈቻው የክሮም፣ ስሪት 71 ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ወዲህ አልታደሰም ማለት ነው። ቅጹን ከፈትኩት፤ አምሮ ተከፈተ። ቁልፉን ተጫንኩት፤ ዝም አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሠራሬን ለውጫለሁ። እንዴት እንደለወጥኩ ለሙያ ባልደረቦቼ ልንገራችሁ።

አወዳደቁን ለዩ

ድረ ገጽ በሦስት ቋንቋዎች ይጻፋል፤ ብራውዘሩ የማያውቀው ነገር ሲገጥመው ሦስቱም የሚወድቁት በየራሳቸው መንገድ ነው። የገጹ ይዘት የሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ታጋሽ ነው፤ ብራውዘሩ ምልክቱን ባያውቀውም በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ያሳያል። የገጹን መልክና አቀማመጥ በሚወስነው ሲኤስኤስ ላይ ያልገባውን መስመር ዘልሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ገጹን የሚያንቀሳቅሰው ጃቫስክሪፕት ግን ምሕረት የለውም። በአንድ ፋይል ውስጥ ብራውዘሩ የማያውቀው አንድ የአጻጻፍ ሥርዓት ካለ፣ ፋይሉ በሙሉ ይጣላል። አንድ ሺህ መስመር ጽፋችሁ ስምንት መቶኛው ላይ አንዲት አዲስ ምልክት ብታስገቡ፣ ከእሷ በላይ ያሉት መስመሮችም አንዳቸው እንኳ አይሠሩም።

የጅማውን ቅጽ የገደለው ይህ ነው። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁና በክሮም የመመርመሪያ መስኮት ከፈትኩት። ይህን ያላደረጋችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ልመዱት፦ በስልኩ ቅንብር ውስጥ የአበልጻጊ አማራጮችን ገልጣችሁ በዩኤስቢ መመርመርን ትፈቅዳላችሁ፤ ከዚያ ስልኩ ላይ የተከፈተው ገጽ በኮምፒውተራችሁ ላይ ከነስሕተቶቹ ይታያል። አንዲት ቀይ መስመር ጠበቀችኝ፤ ያልተጠበቀ ምልክት አጋጥሟል ትላለች። ምልክቷ የጥያቄ ምልክትና ነጥብ ተያይዘው የሚጻፉባት «?.» ነበረች። ይህ አጻጻፍ ወደ ክሮም የገባው በስሪት 80፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ነው፤ ሌሎቹ ብራውዘሮች፣ የአይፎኑ ሳፋሪና ፋየርፎክስም፣ በቀጣዩ ወር ተከተሉት። እኔ ሁለት ፊደል ለመቆጠብ ስል የጻፍኳት ነገር የሰውየውን ሦስት ሙሉ ሙከራ ከነከፈሉበት ዳታ በላችው።

መፍትሔው ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ኮዱን ወደ ቀድሞው አጻጻፍ የሚተረጉም መሣሪያ መጠቀም ነው፤ ባቤል ይህንን ይሠራል። የምትደግፉትን ዝቅተኛ የብራውዘር ስሪት በግልጽ ጻፉለት፤ ካልነገራችሁት የምትፈልጉትን አያውቅም። ተጠንቀቁ ግን፤ ባቤል በመደበኛ አሠራሩ የሚተረጉመው አጻጻፍን ነው። አሮጌው ብራውዘር ጭራሽ የሌለው ተግባር ከሆነ፣ ለምሳሌ በጽሑፍ ውስጥ አንድን ቃል በየቦታው የሚተካው፣ በክሮም 85 የመጣው «ሪፕሌስ ኦል»፣ ማሟያ ኮድ ለብቻው መጨመር አለበት። የዚህ አወዳደቅ ደግሞ ይለያል። ፋይሉ ይነሣል፣ ይሠራል፣ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ስሕተቱ የሚገለጠው ተጠቃሚው እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ይበልጥብኛል። ቅጹ ያለ ጃቫስክሪፕት መላክ መቻል አለበት። እውነተኛ የቅጽ ምልክት፣ እውነተኛ የመላኪያ ቁልፍ፣ መረጃውን የሚቀበል የሰርቨር አድራሻ፤ በቃ። ማጣራቱን ሰርቨሩም ይሥራው። ጃቫስክሪፕቱ ስሕተትን ቶሎ ለመጠቆምና ገጹን ለማቀላጠፍ ይምጣ። ቁልፍ የሚመስል ባዶ ሳጥን ሠርቶ ሥራውን ሁሉ ለስክሪፕት መስጠት የዘመኑ ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን ከጅማው ጥሪ በኋላ አንድም ቅጽ እንዲያ አልሠራሁም።

ሲኤስኤስን መደራረብ

ብራውዘሩ ያልገባውን መስመር ይዘላል ብያለሁ። ይህ ባሕርይ ትልቅ ስጦታ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን አስቀድማችሁ ጻፉ፤ አዲሱን ከሥሩ አስከትሉ። የሚያውቀው ብራውዘር የኋለኛውን ይወስዳል፣ የማያውቀው በፊተኛው ይጸናል።

ደስ የሚለኝን ምሳሌ ላሳያችሁ። የሲኤስኤስ የቁጥር አወጣጥ ደንብ የእኛን ፩፣ ፪፣ ፫ ያውቃል፤ «ኢትዮፒክ ኒውሜሪክ» ይለዋል። የአንድ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ስሠራ አንቀጾቹን በግእዝ ቁጥር ማውጣት ፈለግሁ። በመጀመሪያው መስመር ተራውን ቁጥር፣ በሁለተኛው የግእዙን አዘዝኩ። አዲስ ስልክ የያዘ ሰው ፩ን ያያል፤ ብራውዘሩ የማያውቅለት 1ን ያያል። ሁለቱም ደንቡን ያነባሉ።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ ብዙ መምረጫዎችን (ደንቡ የትኛውን የገጹን ክፍል እንደሚመለከት የሚጠቁሙ ቃላትን) በነጠላ ሰረዝ አያይዛችሁ አንድ ደንብ ስትጽፉላቸው ከመካከላቸው አንዱ ለብራውዘሩ እንግዳ ከሆነ ደንቡ ለሁሉም ይቀራል። አዲሱን መምረጫ ለይታችሁ ለብቻው ጻፉት። ሁለተኛው ይብሳል። ፍሌክስ በሚባለው የሲኤስኤስ አደራደር በተደረደሩ ሳጥኖች መካከል ክፍተት የሚያወጣው «ጋፕ» ወደ ክሮም የገባው እ.ኤ.አ. በ2020 በስሪት 84፣ ወደ ሳፋሪ ደግሞ በ2021 በስሪት 14.1 ነው። ብራውዘሩን «ይህን ታውቃለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የሲኤስኤስ ትእዛዝ ስላለ፣ በእሱ ባረጋግጥስ ብላችሁ ታስባላችሁ። አሮጌው ብራውዘር ግን «አዎን» ይላችኋል፤ ያንኑ ቃል ግሪድ በሚባለው ሌላ አደራደር ውስጥ ያውቀዋልና። አዎን ብሎ ሳጥኖቹን ያጣብቃቸዋል። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላዬን ወስዶብኛል። አሮጌ ስልክ የሚደርስበት ገጽ ከሆነ በኅዳግ ክፍተት ስጡና ዕረፉ።

አይፎን ያለ ማክ

የአይፎን ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። አይፎን ላይ ክሮምን ብታወርዱም ከውስጥ የሚሠራው የሳፋሪ ሞተር ዌብኪት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ሌላ ሞተር ቢፈቅድም፣ እዚህ ለምንሠራው ለውጥ የለውም። ስለዚህ «በአይፎን ክሮም ሞክሬው ይሠራል» ያላችሁ ሰው የሞከረላችሁ ሳፋሪን ነው።

ሳፋሪን በኮምፒውተር ለመሞከር ማክ ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ማክ የለኝም። በምትኩ ፕሌይራይት የሚባለውን የመሞከሪያ መሣሪያ እጠቀማለሁ፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም ላይ የሚሠራ ዌብኪት ይዞ ይመጣል። አብዛኛውን የአቀማመጥ ስሕተት ያጋልጣል። የስልኩን የአድራሻ አሞሌና የፊደል ገበታ ግን አያሳይም፤ ለእነዚያ እውነተኛ ስልክ ያስፈልጋል። ስልክ ከሰው ስትዋሱ ሦስት ነገር እዩ። የሙሉ ገጽ ቁመት ስታዝዙ የአድራሻ አሞሌው የታችኛውን ቁልፍ ይሸፍነዋል፤ ለዚህ የመጣው «ዲቪኤች» የተባለው መለኪያ ስለሆነ ከአሮጌው የቁመት መለኪያ ከ«ቪኤች» በታች አስከትሉት። የመሙያ ሳጥን ጽሑፍ ከ16 ፒክስል ካነሰ፣ ሲነኩት ገጹ በራሱ ይጎላል፤ 16 አድርጉት። ቀንና ሰዓትን በባዶ ቦታ ለይታችሁ ለጃቫስክሪፕት ስትሰጡ ክሮም ይቀበላል፣ ሳፋሪ ግን ለዓመታት ልክ ያልሆነ ቀን እያለ ሲመልስ ቆይቷል። በደንቡ የተቀመጠው አጻጻፍ በመካከላቸው «ቲ» የምትባለዋን የላቲን ፊደል ያስገባል።

ኦፔራ ሚኒን አትርሱ

ዳታ ለመቆጠብ በኦፔራ ሚኒ የሚጠቀም ብዙ ሰው አውቃለሁ። በከፍተኛው የቁጠባ ደረጃው ገጹን የሚያዘጋጀው ስልኩ አይደለም፤ የኦፔራ ሰርቨር አዘጋጅቶ፣ አጭቆ ይልከዋል። በዚህ የተነሣ ከድረ ገጹ የሚወርድ የፊደል ቅርጽ አይመጣም። ምልክቶቻችሁን በፊደል ቅርጽ የሠራችኋቸው ከሆነ፣ የመፈለጊያዋ ሌንስና የምናሌው ሦስት መስመር ባዶ ሳጥን ይሆናሉ። ከምልክቱ ጎን «ፈልግ» ብላችሁ በአማርኛ ጻፉ። ከገጹ ጋር ሳይንቀሳቀስ ይቆማል ያላችሁት አሞሌም አይቆምም፤ ዋና ነገር አታኑሩበት።

የአማርኛው ጣጣ

ለአማርኛ ገጽ የሚያስፈልገውን ብዙዎቹ መመሪያዎች አይነግሯችሁም፤ ስለዚህ ይህን ልብ በሉ። የመስመር ርቀት የላቲኑ ልክ አይበቃንም፤ እኔ 1.7 አደርገዋለሁ። ዘመም ጽሑፍ አታዙ፤ የግእዝ ፊደል ዘመም ቅርጽ ስለሌለው ብራውዘሩ ፊደሉን በግድ ያጋድመዋል፣ «ሸ»ና «ሽ» ለዓይን ይቀራረባሉ። ለማጉላት ደመቅ አድርጉት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የፊደል ቅርጽ የምትጭኑ ከሆነ የማትፈልጉትን ክብደትና ፊደል ቆርጣችሁ አሳንሱት፤ እስኪወርድም ጽሑፉ በስልኩ ፊደል እንዲታይ እዘዙ። በደካማ መስመር ላይ ያለ ሰው ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጦ አይጠብቅ።

ቀን ደግሞ አለ። ብራውዘሩ የሚሰጠን የቀን መምረጫ የሚሠራው በፈረንጁ አቆጣጠር ብቻ ነው። ጃቫስክሪፕት ቀንን በእኛ አቆጣጠር ማሳየት ይችላል፤ «ኢንትል» በሚባለው ክፍሉ ኢትዮፒክ የሚል የዘመን አቆጣጠር አለና። መቀበል ግን ለእኛ ቀርቷል። እኔ ሦስት መምረጫ እሠራለሁ፦ ቀን፣ አሥራ ሦስት ወር፣ ዓመት። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ 2015 እንዲህ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ጳጉሜንን ዘልሎ አሥራ ሁለት ወር ብቻ ሠርቶ አይቻለሁ። በጳጉሜን የተወለደ ልጅ በዚያ ቅጽ ላይ የልደት ቀን የለውም።

ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ

አዲስ ነገር ስታዩ ካን አይ ዩዝ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጉ፤ ከየትኛው ስሪት ጀምሮ እንደሚሠራ በሰንጠረዥ ያሳያል። ኤምዲኤን በተባለው የድረ ገጽ ሠሪዎች ማጣቀሻ ገጾች አናት ላይ ደግሞ ቤዝላይን የሚል ምልክት ታያላችሁ። «በስፋት የሚገኝ» የሚለው በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ከገባ 30 ወር የሞላው ነው። ለእኛ ግን 30 ወር ሁልጊዜ አይበቃም። አንድሮይድ 7 ያለው ስልክ ባለቤቱ ቢያድሰው እንኳ ከክሮም 119 አያልፍም፤ እንዲህ ያለ ስልክ ደግሞ ዛሬም በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ አለ።

የብራውዘሩን ስምና ስሪት አንብባችሁ ግን አትፍረዱ። እ.ኤ.አ. በ2022 ክሮምና ፋየርፎክስ ስሪት 100 ሲደርሱ፣ ሁለት አኃዝ ብቻ የሚያነቡ ድረ ገጾች 100ን 10 ብለው አንብበው ዘመናዊውን ብራውዘር አሮጌ ነህ ብለው እንዳይመልሱት ተፈርቶ አስቀድሞ ሙከራ ሲደረግ ነበር። ጠይቁት፦ ይህ ተግባር አለህ? ካለው ተጠቀሙ፣ ከሌለው በቀላሉ መንገድ ሂዱ።

ደንበኛ «ስልኩን ይቀይር» ሲላችሁ ወይም እናንተው ለማለት ስትቃጡ፣ ያንን ስልክ ይዞ የመጣው ሰው ለመመዝገብ፣ ለመክፈል፣ ውጤት ለማየት የመጣ መሆኑን አስቡ።

ከመርካቶ የገዛሁት ስልክ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ራሱን እንዳያድስ የፕሌይ ስቶርን አዳሽ አጥፍቼበታለሁ፤ ጀርባው ላይ በፕላስተር «71» ብዬ ጽፌበታለሁ። ማንኛውንም ቅጽ ከማስረከቤ በፊት በእሱ ላይ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው በጣቴ እሞላና «መዝግብ»ን እጫናለሁ። የጅማው አባት ልጅ በዚያው ሳምንት ተመዘገበች፤ ቅጹ ሲላክላቸው እንደገና ደውለው «አሁን ተናገረ» አሉኝ።