አዲስ አሽከርካሪን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ማውረድ፦ ከጎን ለሚቀመጥ አሠልጣኝ የቅዳሜና እሑድ መመሪያ

መንጃ ፈቃዱን በቅርቡ ያወጣ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ከጎኑ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ነው። ይህን ኃላፊነት የሚቀበል ሰው ራሱ ጥሩ ነጂ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ መቼ መናገር፣ መቼም ዝም ማለት እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል። በእኔ እምነት ጀማሪን ከመንገዱ ዳር ካለው ገደል ይበልጥ የሚያስደነግጠው ኩርባ መሐል ላይ ከጎኑ የሚሰማው ጩኸት ነው። ስለዚህ የሚነገረው ነገር ሁሉ ከኩርባው በፊት ይነገር፤ ኩርባው ውስጥ ግን አሠልጣኙ ዝም ይበል።

ጂቲ በሚባለው የስፖርት መኪናዎች ውድድር ይህ አሠራር የተለመደ ነው። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን አሽከርካሪዎችን ፕላቲኒየም፣ ወርቅ፣ ብር እና ነሐስ ብሎ በአራት ደረጃ ይመድባል፤ ከአማተሮቹ ብዙዎቹ በነሐስ ደረጃ ሆነው ከባለሙያ ጋር አንድ መኪና እየተፈራረቁ ይነዳሉ። የአማተሩ አሠልጣኝ ከልምምዱ በፊት መስመሩን አብሮት በእግሩ ይዞራል፤ ፍሬን የሚያዝበትን ቦታ ያሳየዋል፤ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላም ተቀምጠው ይነጋገራሉ። እኛም ይህን ቅደም ተከተል እንወስዳለን፤ የውድድሩን የመንገድ አያያዝ ግን ፈጽሞ አንወስድም። የውድድር ነጂ ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣ መኪና ስለሌለ የመንገዱን ሙሉ ስፋት ተጠቅሞ ኩርባውን ይቆርጣል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባሉት የሐረጎ ኩርባዎች ላይ ግን በግራ በኩል የሚመጣው ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ስለሆነ፣ ውድድር በቴሌቪዥን ሲያይ ያደገ ወጣት ካለ ይህ ልዩነት ሞተር ከመነሳቱ በፊት በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሠልጣኙን በተሳፋሪ ወንበር አስቀምጠው፣ መሪውን እርስዎ ይዘው መንገዱን አንድ ጊዜ ይውረዱ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኙ በመሆናቸው፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆን መንገድ 650 ሜትር ያህል ይወረዳል። በዚህ ጉዞ ሠልጣኙ የሚሠራው ማየትና መናገር ብቻ ነው፦ የትኛው ኩርባ ወዲያ ማዶውን እንደሚያሳይና የትኛው እንደሚሸፍን፣ ዳር ይዞ ለመቆም የሚያስችል ሰፊ ቦታ የት እንዳለ፣ ከብትና ሕፃናት ወደ መንገድ የሚወጡት ከየት በኩል እንደሆነ በአፉ እየጠራ ይውረድ። ጠርቶ የተናገረውን ቦታ በማግሥቱ ራሱ ሲደርስበት ያስታውሰዋል።

በዚያው ምሽት መኪናውን አብራችሁ መርምሩ። የጎማዎቹ ነፋስና ጥርስ፣ የፍሬን ሸራ፣ የራዲያተር ውኃ፣ ስፖኪዮ፣ ክላክስና መብራት ይታዩ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የፍሬን ዘይት ነው፤ ብዙ ሰው መጠኑን እንጂ ዕድሜውን አይጠይቅም። የፍሬን ዘይት እየቆየ ሲሄድ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበቱም የመፍያ ነጥቡን ያወርደዋል፦ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የጥራት ደረጃው የሚጠብቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ደግሞ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል እንጂ መኪናውን አይዝም። ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ከጉዞው በፊት ይቀየር።

ሠልጣኙ ለምን በፍሬን ብቻ መውረድ እንደማይቻል በቃል ከመቀበል ይልቅ በሐሳብ ቢረዳው ይሻላል። 1200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከሰባት ሚሊዮን ጁል ይበልጣል፤ ይህም ከሃያ ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። የንፋስና የጎማ ግጭት ከሚወስደው የተረፈው በሞተሩ ካልተያዘ የሚያርፈው በአራት ጎማዎች ፍሬን ላይ ነው። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ይገባል፤ መንገዱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ማርሽ ለመውረድም ጥሩ መነሻ ነው። አውቶማቲክ ከሆነ ኤል፣ ቢ ወይም 2 ተብሎ የተጻፈው ቦታ ይመረጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በዜሮ ማርሽ መልቀቅ የተከለከለ ይሁን፤ ነዳጅን በኮምፒውተር ቁጥጥር ወደ ሞተሩ በሚረጩ (ኢንጄክሽን ባላቸው) መኪናዎች እግር ከነዳጁ ተነሥቶ በማርሽ ሲወረድ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ስለሚዘጋው የተባለው ቁጠባ ራሱ የለም።

የመጀመሪያው የሠልጣኙ ጉዞ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጉም ከተገፈፈ በኋላ ይሁን። ከመነሣታችሁ በፊት በሦስት ትእዛዞች ተስማሙ፦ «ያዝ» ሲባል ፍሬን፣ «ልቀቅ» ሲባል እግርን ማንሣት፣ «አርቀህ እይ» ሲባል ዓይንን ወደ ኩርባው መጨረሻ መላክ። ሌላ ቃል አይጨመር። «ኧረ ተጠንቀቅ!» ብሎ መጮህ ሠልጣኙ በየትኛው እግሩ ምን እንዲያደርግ አይነግረውም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 11 ሜትር ይጓዛል፤ ትእዛዙ ተሰምቶ እግር እስኪንቀሳቀስ አንድ ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ ኩርባው አፍ ላይ የተነገረ ምክር የሚፈጸመው ኩርባው ውስጥ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ፍሬን መርገጥ ጎማ ያንሸራትታል። ስለዚህ አሠልጣኙ ኩርባው ገና በሩቁ እንደታየ ይናገር።

ፍሬን አያያዙም እንዲህ ይሁን። የተመረጠው ፍጥነት 40 ከሆነ፣ መርፌው 40 ሲደርስ በቀጥታው መንገድ ላይ ጠበቅ አድርጎ እስከ 30 ማውረድ፣ ከዚያ ፈጽሞ መልቀቅና ማርሹ እንዲይዘው መተው ነው። እግርን ሳያነሡ ፔዳሉን በስሱ ተጭኖ መውረድ ለጀማሪው ደኅንነት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ፍሬኑ የሚቀዘቅዝበት ጊዜ አያገኝም።

በአንድ ወቅት አንዲት የእህቴን ልጅ ሳሠለጥን ከሐረጎ በታች አንድ ጭነት የያዘ አይሱዙ እያቃሰተ ሲወጣ አገኘን። ልጅቱ ዓይኗን ከመኪናው ግንባር ላይ ማንሣት አልቻለችም፤ ሁለት እጆቿም ሳታውቀው መሪውን ጥቂት በጥቂት ወደ እርሱ ያዘነብሉ ነበር። «አርቀሽ እይ» አልኳት፤ ከአይሱዙው ኋላ ባለው የመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ላይ ዓይኗን ስትጥል መሪው ያለ ሌላ ትእዛዝ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ጋሼ፣ እኔኮ መኪናው የተጠጋን መስሎኝ ነበር» አለችኝ፤ መልሱን የሰጠኋት ግን ኮምቦልቻ ደርሰን ከቆምን በኋላ ነው። እጅ ዓይንን እንደሚከተል ማንኛውም ጀማሪ እንዲህ በራሱ እጅ ሲያየው ነው የሚያምነው።

ኮምቦልቻ ስትደርሱ መኪናውን ጥላ ሥር አቁማችሁ ቡና ጠጡ፤ ፍሬኑም ይቀዝቅዝ። መዳፍን ወደ ቸርኬው ሳያስነኩ አቅርቦ ሙቀቱን መለካትና የተቃጠለ ሸራ ሽታ መኖሩን ማሽተት ሠልጣኙ በማርሽ ይሁን በፍሬን እንደወረደ ከማንኛውም ንግግር ይበልጥ ይናገራል። ከዚያ በመጀመሪያ እርሱ ይናገር፤ «የት ላይ ፈራህ?» ተብሎ ይጠየቅና እስኪጨርስ ይደመጥ። ያያችሁት ስሕተት አሥርም ቢሆን ለሚቀጥለው ጉዞ አንዱን ብቻ መርጣችሁ ስጡት፤ በአንድ ጊዜ አሥር ነገር የተነገረው ሰው አንዱንም አይዝም። አብዛኛው አሠልጣኝ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ያወቀውን ሁሉ በአንድ ቀን ማስተላለፍ ይፈልጋል።

ወደ ደሴ መውጣቱ ቀላል ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቅ። የሞተሩ ሙቀት መለኪያ በየጊዜው ይታይ፤ ቀድሞ ለማለፍ ደግሞ አይቸኮል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ተርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በደሴ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ወደ ሩብ የሚጠጋውን ስለሚያጣ፣ ሜዳ ላይ በአጭር ርቀት የሚታለፍ ከባድ መኪና እዚህ ረጅም ቀጥታ መንገድ ይጠይቃል።

እሑድ ጠዋት አሠልጣኙ ከኋላ ይቀመጥ፤ ከአደጋ በቀር ምንም አይናገር። ሠልጣኙ ኩርባዎቹን ሳይጣደፍ ከያዘ፣ ለሚወጣው ከባድ መኪና ቦታ ከለቀቀ፣ ከኋላው ክላክስ እያሰማ የሚያስቸኩለውን ሚኒባስ ሳይፎካከር ዳር ይዞ ካሳለፈ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ይውረድ። ፍሬን አያያዙ ገና የሚዋልል ከሆነ ግን ፈተናው ወደ ሌላ ቅዳሜ ይተላለፍ፤ ሠልጣኙን ላለማሳዘን ብቻ መፍቀድ አይገባም። ጉም ከወረደ ወይም የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አስፋልቱን ካረጠበም እንዲሁ ይተው። ከኮምቦልቻ አልፎ በባቲ በኩል የሚሄደው መስመር የጅቡቲ ከባድ መኪናዎች የሚመላለሱበት፣ ሰኞ ደግሞ የባቲ ገበያ የሚውልበት በመሆኑ፣ እርሱና የሌሊት ጉዞ ሠልጣኙ ይህን ቁልቁለት በተለያየ ቀን ደጋግሞ ከወረደ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው።