ጎጃም ውስጥ የተከራዩት መኪና አደጋ፣ ጉዳት ወይም ስርቆት ሲደርስበት ምን ማድረግ ይገባል?

የኪራይ መኪና ሲጋጭ ጉዳዩ በሁለት ሾፌሮች መካከል አያበቃም፤ አከራዩ፣ የመድን ድርጅቱ፣ ትራፊክ ፖሊሱ፣ አንዳንዴም የአካባቢው ሽማግሌዎች ይገቡበታል። በመጨረሻ ማን ምን ያህል እንደሚከፍል የሚወሰነው በአመዛኙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በተያዘ ማስረጃ ስለሆነ፣ ተከራይ የሆነ ሰው ከመነሣቱ በፊት ጀምሮ ሊዘጋጅበት ይገባል።

ውል ከመፈረምዎ በፊት የመድኑን ዓይነት ይጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግድ ነው፤ ነገር ግን ይህ መድን የሚክሰው በመኪናው ምክንያት የተጎዱ ሌሎች ሰዎችን ወይም ንብረታቸውን ነው፣ የመኪናውን የራሱን ጥገና አይሸፍንም። ለዚያ ሙሉ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ሙሉ ኢንሹራንስ ቢኖረውም ለኪራይ አገልግሎት የተገባ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለግል መገልገያ ተብሎ መድን የተገባለት መኪና ሲከራይ ተገኝቶ አደጋ ቢደርስበት የመድን ድርጅቱ አልከፍልም ሊል ይችላል። ከአደጋው ወጪ በተከራዩ ላይ የሚወድቀው ድርሻ፣ መኪናው ጋራዥ በቆመበት ቀን ኪራይ የሚታሰብ መሆን አለመሆኑ፣ መንዳት የሚፈቀድለት ሰው ማንነት በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፉ። መኪናውን ሲረከቡም አካሉን፣ ስፖኪዮውን፣ መብራቶቹን፣ ትርፍ ጎማውንና ክሪኩን አከራዩ ባለበት በስልክዎ ይቅረጹ። ከዋና ከተሞች ሲርቁ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል የአከራዩንና የመድን ድርጅቱን ስልክ በወረቀት ጽፈው ይያዙ።

አደጋ ከደረሰ የሰው ሕይወት ከመኪናም ከገንዘብም ይቀድማል። የተጎዳ ሰው ካለ ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውሉ፤ አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ በተገኘው መኪና በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል እንዲደርስ ያድርጉ። ከስፍራው መሸሽ ተጎጂውን ለሞት፣ ሸሺውን ደግሞ ለወንጀል ክስ ይዳርጋል። ቁጣው በርትቶ ለሕይወትዎ ከሠጉ በቀጥታ በቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ራስዎ ያስመዝግቡ።

በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛ ላይ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል፣ የቆመ መኪና ሌላ አደጋ ይጠራል። ቁልቁለቱ ረጅም ስለሆነ የከባድ መኪና ፍሬን ይግላል፣ ከኩርባው ጀርባ የሚመጣ ሾፌርም ቶሎ ማቆም አይችልም። ስለዚህ ተሳፋሪዎችን ከመንገዱ ያርቁ፣ ትሪያንግሉን ከኩርባው በፊት ያስቀምጡ። ትሪያንግል በሌለበት ሾፌሮች ድንጋይና ቅጠል መደርደራቸው የታወቀ ነው፤ ሲሄዱ ግን ድንጋዩን ያንሡ፤ ተትቶ የቀረ ድንጋይ ማታ ሌላ ሰው ይገድላል።

ትራፊክ ፖሊስ ፕላን፣ ማለትም የአደጋውን ስፍራና የመኪኖቹን አቀማመጥ የሚያሳይ ንድፍ፣ ሳያነሣ መኪኖቹን አያንቀሳቅሱ። ለደኅንነት ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ የጎማዎቹን አቀማመጥ፣ የፍሬን ምልክቱንና የሁለቱንም ሰሌዳ አስቀድመው ፎቶ ያንሡ። የሌላውን ሾፌር መንጃ ፈቃድና የመድን መረጃ ይመዝግቡ፣ የምስክሮችንም ስም ይያዙ። ይህ ፕላን ከፍተኛ ዋጋ አለው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 መሠረት ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንዱ ሾፌር ጥፋት መድረሱ ካልተረጋገጠ በስተቀር ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ተቆጥሮ እያንዳንዱ ባለቤት የጉዳቱን ግማሽ ይሸከማል። ማስረጃ ያልያዘ ሰው ባላጠፋው ግማሹን ሊከፍል ይችላል ማለት ነው።

«ፖሊስ ምን ያደርጋል፣ እዚሁ እንስማማ» የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ከቅንነት ይመጣል፤ የጎጃም ሽማግሌም ጠብ ከማብረድ አልፎ ደም እስከማድረቅ የሚደርስ ክብር ያለው ነው። ቢሆንም መኪናው የእርስዎ አይደለም። ፖሊስ ሳይመዘግብና የመድን ድርጅቱ ሳያውቅ ጥፋት አምነው ወይም ገንዘብ ከፍለው ከተለያዩ መድኑ ላይከፍል ስለሚችል፣ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት አመስግነው እርቁ ከፕላኑ በኋላ እንዲሆን ይለምኗቸው። በገበያ ቀን በሬ ወይም በግ ሲገጭም እንዲሁ ነው። ሕጉ የእንስሳን ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት (አንቀጽ 2071)፣ የተሽከርካሪን ባለቤት ደግሞ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት (አንቀጽ 2081) ኃላፊ ስለሚያደርግ ሁለቱም ወገን የሚናገረው አለው። የገበሬው በሬ የዓመት እርሻው መሆኑን አይርሱ፤ በትዕግሥት ያነጋግሩት።

ለአከራዩ ወዲያውኑ ይደውሉ፣ ቀጥሎም በጽሑፍ መልእክት ያሳውቁ። የመድን ድርጅቱ ባለሙያ ሳያየው መኪናውን ጋራዥ አስገብተው አያስጠግኑ፤ ለመንገድ ያህል ጎማ ከቀየሩ ወይም መጎተቻ ከከፈሉ ደረሰኝ ይቀበሉ። መኪናው ከነሾፌሩ የተከራየ ከሆነ አነዳዱ የአከራዩ ኃላፊነት ነው፤ እርስዎ ግን ያዩትን በምስክርነት ይስጡ።

ስርቆት ሲሆን፣ ስፖኪዮም ይሁን ባትሪ ወይም መኪናው በሙሉ፣ በተሰረቀበት አካባቢ ባለው ፖሊስ ጣቢያ በዚያው ቀን አስመዝግበው የማስረጃ ወረቀት ይጠይቁ። መኪናው ከጠፋ የሰሌዳ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ወዲያው ስለሚያስፈልግ የሊብሬውን ፎቶ በስልክዎ ይያዙ። ቁልፉን ለአከራዩ ሲመልሱ አስፈርመው ያስረክቡ፤ ቁልፍ መኪናው ውስጥ ተትቶ ነበር የሚል ክርክር ከተነሣ ካሳው ሊከለከል ይችላል። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ሲያድሩ ጠባቂ ባለው ግቢ ያቁሙ፣ ካርድ የሚሰጥ ጠባቂ ካለም ካርዱን ሳይቀበሉ አይሂዱ።

በመጨረሻ መኪናውን ሲመልሱ የደረሰው ጉዳት በሁለት ቅጂ ተጽፎ ይፈረም፤ መያዣው ገንዘብ ከተቀነሰበትም በጥገና ደረሰኝ ልክ መሆኑን ይጠይቁ። ከውል ውጭ በሆነ ኃላፊነት፣ ለምሳሌ በግጭት ለደረሰ ጉዳት፣ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ መክሰስ ስላለበት፣ ወረቀቶቹን ቢያንስ እስከዚያ ድረስ በአንድ ፋይል ያስቀምጡ።