አንቴናውና የአቅጣጫ ሴንሰሩ የት ይገጠሙ? አውሮፕላን በእጃችሁ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጁ የሠራት አውሮፕላን ኬ-570ኤ በ2007 ዓ.ም. ዜና ከሆነች ወዲህ፣ ሰው ጓሮው ውስጥ አውሮፕላን ይሠራል ሲባል እንደ ድሮው አይገርምም። ሰንዳፋም ሆነ ገላን እንዲህ ያለ ህልም የያዘ ሰው ብታገኙ ወሬው ስለ ሞተርና ስለ ክንፍ ነው የሚሆነው። አንቴና የሚነሳው መጨረሻ ላይ፣ ቀለም ሊቀባ ሲል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በዚያ ሰዓት የሚተርፈው ማንም ያልፈለገው ቦታ ነው። ሬዲዮውና ኮምፓሱ ግን የራሳቸው ምርጫ አላቸው። የአንዱ ምርጫ ደግሞ ከሌላው ጋር ይጋጫል።

ቦታ ሳይመርጡ መዝጋት

የክንፉና የጅራቱ ልባስ ከመዘጋቱ በፊት አምስት ነገሮች ወረቀት ላይ ቦታ ይያዝላቸው፦ የመነጋገሪያው ሬዲዮ አንቴና፣ ለራዳር መልስ የሚሰጠው የትራንስፖንደሩ፣ የጂፒኤሱ፣ የአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው፣ በመጨረሻም የአቅጣጫ ሴንሰሩ፣ ማለትም የመሬትን ማግኔት እየለካ ለኮምፓሱ አቅጣጫ የሚነግረው ማግኔቶሜትር። ገመዳቸውም አብሮ ይሳል። ከተዘጋ በኋላ ገመድ ላሳልፍ ማለት የተመታ ሪቬት እየበሱ ማውጣት ነው።

ከአንቴናው ሥር ያለውን ብረት መርሳት

የአውሮፕላን መነጋገሪያ ሬዲዮ ከ118 እስከ 137 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ይሠራል። ሞገዱ 2 ሜትር ከ40 ገደማ ይረዝማል። ውጭ ቆሞ የምናየው ዘንግ የዚያ ሩብ፣ ወደ 60 ሳንቲሜትር ነው። ዘንጉ ግን የአንቴናው ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ከሥሩ የተዘረጋው ብረት ነው።

አውሮፕላኑ በአሉሚኒየም ከተለበጠ ልባሱ ያንን ሥራ ይሠራል። በእንጨት፣ በሸራ ወይም በፋይበር ግላስ ከተሠራ ግን ሥር የለውም። ስለዚህ ከአንቴናው መቀመጫ ተነስተው በአራት አቅጣጫ የሚዘረጉ፣ እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲሜትር ገደማ የሆኑ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ጥብጣቦች ከውስጥ በኩል ይለጠፉ። የትራንስፖንደሩ ሞገድ በጣም አጭር ስለሆነ፣ ለሱ ከመሀል ወደ ዳር 7 ሳንቲሜትር ያህል የሆነ ክብ አሉሚኒየም ይበቃዋል።

አሉሚኒየም ልባስ ያላቸውም ሰዎች የሚሳሳቱበት አለ። ቀለሙ ላይ አንቴናውን ያስሩታል። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መቀመጫው የሚነካበትን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት፣ ከዚያ እሰሩት፣ ከዚያ ዙሪያውን በማሸጊያ ድፈኑት። ክረምቱን ታውቁታላችሁ። ሐምሌ ላይ በዚያ ስንጥቅ የገባ ውሃ መስከረም ላይ ዝገት ሆኖ ይጠብቃችኋል። ልባሱ ስስ ከሆነም ከውስጥ ተጨማሪ ሰሌዳ ይደረብለት፤ አለበለዚያ በንዝረት ይሰነጠቃል።

አንቴናን ልባስ ውስጥ መደበቅ ደግሞ በፋይበር ግላስ ይሆናል፣ በካርቦን ፋይበር አይሆንም። ካርቦን ሞገዱን ይጋርዳል።

የዲሽ ገመድ መጠቀም

የዲሽ ገመድ በየሱቁ አለ፣ ርካሽም ነው፣ ሲያዩትም ይመሳሰላል። ግን 75 ኦም ነው። የአውሮፕላን ሬዲዮና አንቴና የሚፈልጉት 50 ኦም ነው። ስለዚህ አርጂ-400 የሚባለውን ባለ 50 ኦም ገመድ ግዙ። ትራንስፖንደሩ ላይ በተለይ ገመዱ ይጠር። በዚያ ፍሪኩዌንሲ ረጅምና ርካሽ ገመድ ጉልበቱን መንገድ ላይ ይበላዋል።

ሁሉንም አንድ ላይ ማጨናነቅ

የጂፒኤስ ምልክት ከሳተላይት የሚመጣ እጅግ ደካማ ነገር ነው። 1575.42 ሜጋኸርዝ ላይ ነው የሚደርሰው። የመነጋገሪያው ሬዲዮ ደግሞ ሲናገር ከራሱ ፍሪኩዌንሲ ሌላ የዚያን እጥፎችም በጥቂቱ ይለቃል። 121.15 ላይ ሲናገር፣ የዚያ 13 እጥፍ 1574.95 ይሆናል። 131.25ን በ12 ብታባዙት ድፍን 1575 ይመጣል። ሁለቱም የጂፒኤሱ ደጃፍ ላይ ናቸው። ስለዚህ አንቴናዎቹ ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ይራራቁ። ጂፒኤሱ ከላይ፣ ሰማይ በደንብ በሚያይበት ቦታ ይሁን። ትራንስፖንደሩ ከሆድ ሥር ይሁን፣ ከማረፊያ እግሩም ከወንበሩም ራቅ ይበል። ኃይለኛ ምት ነው የሚልከው፤ ሰው በላዩ ባይቀመጥ ይመረጣል።

የአደጋ ጊዜ ማስተላለፊያው ከአንቴናው ጋር ጅራት አካባቢ ይቀራረቡ። ገመዱ ግማሹን አውሮፕላን ካቋረጠ፣ አውሮፕላኑ ሲሰበር መጀመሪያ የሚበጠሰው እሱ ነው። ፈላጊዎች ደግሞ የሚጠብቁት የሱን ድምፅ ነው።

ሬዲዮውን ከተራራ ጀርባ ፈትኖ በአንቴናው ማማረር

ሱሉልታ መሬት ላይ ሆናችሁ የቦሌን ታወር መስማት ቢያቅታችሁ አንቴናውን አትንቀሉ። ይህ ሞገድ የሚሄደው በቀጥታ መስመር ነው፣ መሀል ላይ ደግሞ እንጦጦ ቆሟል። ለመናገር ደግሞ መጀመሪያ ፈቃድ ያዙ።

የአቅጣጫ ሴንሰሩን የትም መጣል

ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ማግኔቶሜትር ትንሽ ሳጥን ናት። ትንሽ ስለሆነች ዳሽቦርድ ሥር ትወሸቃለች። ከዚያ በላይ መጥፎ ቦታ ግን የለም። ሞተሩ አለ፣ ስፒከር አለ፣ ወፍራም ገመድ ሁሉ በዚያ ያልፋል።

አዲስ አበባ ላይ የመሬት ማግኔት ጉልበት 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። ከተማዋ የማግኔት ወገብ አጠገብ ስለሆነች ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም አግድም ነው። ለኮምፓስ የሚጠቅመው ደግሞ አግድሙ ነው። እንግሊዝ አገር አግድሙ 20 ገደማ ብቻ ነው። በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። ለዚሁ ቅርበት ሲባል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ይህንን ማግኔት ሲለካ ኖሯል። ግን ዕድሉ በቀላሉ ይባክናል።

አንድ ምሳሌ በቁጥር እንየው። በ12 ቮልት የሚሠራ የ55 ዋት ማረፊያ መብራት 4.6 አምፔር ገደማ ይስባል። ፖዘቲቭ ገመዱ ብቻውን ከሴንሰሩ በ10 ሳንቲሜትር ርቀት ቢያልፍ፣ የሚፈጥረው ማግኔት 9 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። አቅጣጫው ከከፋ ኮምፓሱ በ14 ዲግሪ ይስታል። መብራቱን ስታበሩ ይዞራል፣ ስታጠፉ ይመለሳል። ግማሽ ሜትር ብታርቁት ስህተቱ ወደ 3 ዲግሪ ይወርዳል። ኔጌቲቩን ቦዲ ላይ ማሰር ትታችሁ ከፖዘቲቩ ጋር ገምዳችሁ ብትመልሱት ግን ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ። መኪና ኤሌክትሪሺያን ጓደኛችሁ «ምን አደከመህ ወንድሜ፣ ቦዲ ላይ እሰረው» ይላችኋል። ለመኪና ልክ ነው። ሴንሰር ላለበት ክንፍ ግን አትስሙት።

ጥሩው ቦታ የክንፍ ጫፍ ወይም የጅራት ውስጥ ነው። እዚያም ቢሆን የሚንቀሳቀስ ብረት እንዳይኖር እዩ። የቆመ ብረት በካሊብሬሽን፣ ማለትም የሴንሰሩን ንባብ በማረም፣ ይስተካከላል፣ የሚንቀሳቀስ ግን አይስተካከልም። የብረት መቆጣጠሪያ ዘንግ፣ መሪውን የሚያንቀሳቅሰው የአውቶፓይለት ሞተር (ሰርቮ) እና የክንፍ ሚዛን ክብደት የሚረሱ ናቸው። ማሰሪያው ቡሎንና ዳዶም የነሐስ ወይም የአሉሚኒየም ይሁን። «እስቴንለስ ነው» ሲሏችሁ ማግኔት አስጠግታችሁ ፈትኑ፤ የሚስብ እስቴንለስ አለ። የተበየደ የብረት ቱቦ ፍሬም ካላችሁ ደግሞ ብየዳው ራሱ ብረቱን ማግኔት ሊያደርገው ይችላል። ሴንሰሩን ከመግጠማችሁ በፊት ትንሽ የእጅ ኮምፓስ በታሰበው ቦታ ዙሪያ ቀስ አድርጋችሁ አንሸራቱ። ቀስቷ ዞር ካለች ቦታውን ቀይሩ።

ሌላው፣ ሳጥኗ ከአውሮፕላኑ ዘንግ ጋር ትይዩ ትሁን። ተዛንፋ ከተቀመጠች አውሮፕላኑ ሲያጋድል ስህተቱ ይጨምራል።

ግቢ ውስጥ ካሊብሬት ማድረግ

የቆርቆሮ አጥር፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከኮንክሪቱ ሥር ፌሮ፣ አጠገቡ የቆመ ሚኒባስ። እዚህ መሀል የተስተካከለ ኮምፓስ የተስተካከለው ለግቢው ነው። አውሮፕላኑን ገፍታችሁ ገላጣ ሜዳ አውጡት። ስልካችሁ ላይ ማይክሮቴስላ የሚያሳይ አፕ ካላችሁ ሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ በሉ። ንባቡ 36 አካባቢ ረግቶ ከቆየ ቦታው ንጹህ ነው። እየዘለለ ካስቸገረ ከመሬቱ ሥር የተቀበረ ነገር አለ። ዕቃው ውጭ አገር ተስተካክሎ ቢመጣም እዚህ እንደ አዲስ ይደረግ። ማግኔቱም አውሮፕላኑም ሌላ ነው።

ካሊብሬሽኑ ካለቀ በኋላ ሞተሩን አስነስታችሁ አንድ ሰው ስክሪኑን ይመልከት። ሌላው መብራቶቹን፣ ፓምፑን፣ የፍጥነት መለኪያ ቱቦውን (የፒቶቱን) ማሞቂያ አንድ በአንድ ያብራ፣ ያጥፋ። መሪውን እስከ ጥግ ያንቀሳቅስ፣ የሬዲዮውንም የመናገሪያ ቁልፍ ይጫን። አቅጣጫው ከ2 ዲግሪ በላይ ከተንቀሳቀሰ፣ በዚያ ሰዓት የተነካው ዕቃ ገመድ ወይም የሴንሰሩ ቦታ ይቀየራል፣ ፍተሻውም ከመጀመሪያው ይደገማል።